ጣና ዳር የጀመረ ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቢያድግ ያው ልጅ ነው የሚሆነው?

የሽምብጧ እናት፦

እንዴት ናችሁ የባህር ዳር ልጆች፣ ያላችሁም የወጣችሁም። ረጅም ነው ይቅርታ፣ ልጆቹ ተኝተውልኝ ነው በሌሊት የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል፣ ደሞዙ እዚህ ከሚያገኘው እጥፍ ነው፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት አይቶም መጥቷል። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሽምብጥ ነው፣ ልጆቼንም የወለድኩት እዛው ነው፣ ትልቁ ወንድ ነው 9 ዓመቱ፣ ትንሿ 4። እንሂድ አንሂድ የሚለው አይደለም ጥያቄዬ፣ እሱን ብሩ ወስኖታል መሰለኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ልጁ ነው።

ይሄ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣና ቦርሳውን ወርውሮ ይወጣል። የት ሄደ ብዬ አልጨነቅም፣ አንዷ ጎረቤት ታየዋለች፣ እሷ ባታየው ባለሱቁ ያየዋል፣ ያጠፋ እንደሆነ ደሞ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የትኛው ጀልባ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ቆሮሶና አምባዛ ከሩቅ ይለያል፣ ዶቅማ የደረሰ ሰሞን ምላሱ ወይን ጠጅ ሆኖ ነው የሚከርመው። አዲሱ የአባይ ድልድይ ሲሠራ ውሰደኝ እያለ አባቱን ሲያደርቀው ነበር፣ 2016 ግንቦት ላይ ከተመረቀ ወዲህ ደሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይጠይቀው «380 ሜትር ነው» ይላል።

ለፋሲካ እህቴ ጋ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። ደረጃው ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፣ አንድ ሁለቱ መለሱለት፣ ሌላው ስልኩን እያየ አለፈ። ማታ መኝታ ላይ «እማ፣ ተጣልተውን ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? የእህቴ ልጆች እውነት ለመናገር ጎበዞች ናቸው፣ እንግሊዝኛውን ያንበለብሉታል፣ የአባታቸውን ስልክ የሚያስተካክሉለት እነሱ ናቸው፣ ግን እኛ በቆየንበት ሳምንት ከፎቅ የወረዱት ሁለቴ ነው፣ ሁለቴም እናታቸውን ተከትለው።

ባለቤቴ «ልጅን የሚያሳድገው ቤቱ ነው፣ ሰፈሩ አይደለም» ይላል። እናቴ ደሞ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…» ብላ ትጀምርና ሳትጨርሰው ትተወዋለች፣ አህያው ማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ አዲስ አበባ ይሁን ባሌ ይሁን ሃሃሃ።

በልጅነታችሁ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የተዛወራችሁ፣ ወይም ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ እስቲ የምር ንገሩኝ። ቦታው ልጁን ይቀይረዋል ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?

—

የፖሊ ልጅ፦

እታለም ባልሽ በዚህ ነገር አልገባውም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቦታ ይቀይራል፣ ያውም ተለክቶ። አሜሪካኖቹ ከ1994 እስከ 1998 (በነሱ አቆጣጠር) በአምስት ከተማ፣ ባልቲሞር ቦስተን ቺካጎ ሎስ አንጀለስና ኒውዮርክ፣ 4,600 የሚሆኑ ደሃ ቤተሰቦችን ዕጣ አስወጧቸው። ዕጣ የደረሰው የተወሰነው ወገን ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር ከሄደ ብቻ የሚሠራ የኪራይ ድጋፍ ተሰጠው። በዕጣ መሆኑ ነው ትልቁ ነገር፣ አለበለዚያ እኮ ጎበዝ ወላጅ ቀድሞ ይሄድና ልጁ ሲሳካለት ሰፈሩ ነው እንላለን። ከዛ ብዙ ዓመት ቆይተው እነ ራጅ ቼቲ የግብር መዝገቡን አገላብጠው በ2016 ያወጡት ውጤት ምን ይላል፣ ሲዛወሩ ከ13 ዓመት በታች የነበሩት ልጆች ሃያዎቹን አጋምሰው ሲታዩ ካልተዛወሩት እኩዮቻቸው 31 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ከ13 በላይ ሆነው የተዛወሩት ግን ምንም አልጨመሩም፣ እንዲያውም ትንሽ የቀነሱ ይመስላል። ጓደኛ አፍርቶ ሥር ሰዶ የተነቀለ ልጅ ነዋ።

ስለዚህ የአንቺ ልጅ በ9 ዓመቱ ገና ነው፣ እንደገና ሥር ይሰዳል። ግን ልብ በይ፣ እነዛ ልጆች የወጡት ድህነት ከተከማቸበት ሰፈር ነው። ሽምብጥ እንደዛ አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ብትሄጂ ይሻላል ብሎ የሚነግርሽ የለም ከዚህ ጥናት፣ አንድ ቦታ ላይ በልጅነት የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት ይቆጠራል ነው የሚለው።

ሌላም አለ ይሄኛው ያስቃል። ከ38 አገር የተሰበሰቡ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በስልክ ጌም መንገድ አስፈለጓቸው፣ በጀልባ እየሄድክ ነው የምትጫወተው። ከከተማ ውጪ ያደጉት በለጡ፣ ከከተሜዎቹ መሀል ደሞ እንደ ቺካጎ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ባለ ከተማ ያደጉት የባሰ ደከሙ። እና የኛ ከተማ በዘምባባ የተሰለፈ ቀጥ ያለ መንገድ እያልን ስንኮራ፣ በዚህ ሂሳብ በአዲስ አበባ ጥምዝምዝ መንገድ ያደገው ሊበልጠን ነው ማለት ነው። ውሃው ላይ ግን አንሸነፍም መቼም።

—

ቀበሌ14፦

ኪራዩ ስንት ነው? ደሞዙ እጥፍ ሆኖ ኪራዩ ሦስት እጥፍ ከሆነ ምኑን ሄዳችሁት

—

ያልዋኘው፦

«ውሃው ላይ አንሸነፍም» የምትለዋን ሳይ ሳቄ መጣ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እኔ ነኝ። ጊዮርጊስ አካባቢ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ከቤታችን ሐይቁ ድረስ በእግር 6 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እና ዋና አልችልም ነበር። አንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ ውሃ ወሰደው፣ ከዛ በኋላ እናቴ ጣናን እንደ እሳት ነው የፈራችው። ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ ሰይጣን አለ፣ ያልነገረችኝ የለም። ፀጉሬ እርጥብ ሆኖ ከመጣሁ ያችን ቀን አልረሳትም። (ቢልሃርዚያው እንኳ እውነቷን ነው፣ አሁንም ዳር ዳሩ ላይ አለ፣ ልጆቻችሁን አስመርምሩ።)

ዩኒቨርሲቲ ሌላ ክልል ደረሰኝና ገና ከየት ነህ ተብዬ ባህር ዳር ስል «አሃ ዋናተኛ!» ይሉኛል፣ እኔም አዎ እያልኩ አራት ዓመት ዋሽቼ ተመረቅኩ። በ26 ዓመቴ ነው የሆቴል ገንዳ ውስጥ ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩት፣ ከ8 ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ። አሰልጣኙ «አንተ ከየት ነህ?» ሲለኝ ደብረ ብርሃን አልኩት ወላሂ።

ከዛ በኋላ ነገሩ ሲያበሳጨኝ ማንበብ ጀመርኩ። ታይላንድና በርማ ባሕር ላይ ሞከን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፣ ልጆቻቸው ያለ መነጽር ውሃ ውስጥ ጠልቀው ትናንሽ ቀንድ አውጣና ምናምን ይለቅማሉ። አንዲት ስዊድናዊት ተመራማሪ በ2003 ለክታቸው ውሃ ውስጥ ከአውሮፓ ልጆች በእጥፍ አጥርተው ያያሉ አለች። የዐይናቸውን ብሌን በጣም ያጠብቡታል፣ ዘዴው እሱ ነው። አቤት ተፈጥሮ ትላለህ፣ በደማቸው ነው ትላለህ። ቆይታ የስዊድን ልጆችን ስታለማምዳቸው ግን እነሱም በወራት ውስጥ እዛው ደረጃ ደረሱ!

እና እህቴ እኔ የገባኝ፣ ሐይቁ አጠገብ መኖር ለልጅ ምንም አይሰጠውም። ሐይቁ ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓት ነው የሚሰጠው፣ ሰዓቱን የምትፈቅጅው ወይ የምትከለክዪው ደሞ አንቺ ነሽ። ባልሽ ቤቱ ነው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ሰፈሩን የሚከፍትለትም የሚዘጋበትም ቤቱ ነው። እኔ ጣና ዳር አድጌ ያደግኩት ግን ጊቢ ውስጥ ነው።

—

ቡናና ጌሾ፦

ኧረግ! ሁላችሁም ስለ ወንዱ ልጅ ብቻ ነው የምታወሩት። እህቴ አንቺም ጭምር። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ ብለሽ አንድ መስመር ጻፍሽና ጠፋች።

እኔ ዘጌ ነው ያደግኩት። ለማታውቁት፣ ዘጌ ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ደን ነው ሁሉም፣ ቡናው ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው፣ ቡና ጌሾ ሎሚ ነው ኑሯችን፣ እርሻ የለም። ጥንት አቡነ በትረ ማርያም በሬ አይጠመድባት ብለው ገዝተዋል ይባላል፣ እስከ ዛሬ ማረሻ አልገባባትም፣ ደኑም ለዚህ ነው የተረፈው። በሬ ተጠምዶ ሲያርስ ያየሁት ትልቅ ልጅ ሆኜ ነው፣ ሰውየው በሬዎቹን እያባረራቸው ነው የመሰለኝ፣ አጎቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ወንድሞቼ ከትምህርት መልስ ታንኳ ላይ ናቸው። እኔ ውሃው ጋ የምሄደው ጀሪካን ይዤ ነው፣ ሞልቼ ልመለስ። ያው አንድ ሐይቅ ነው፣ ያው አንድ እናት ነው የወለደችን። ከኛ ዳር ቆመሽ ስታዪ ክብራን ገብርኤል ይታያል፣ ደሴቷ፣ ገዳሙ። ሴት አይገባም። ልጅነቴን ሙሉ በየቀኑ አይቻታለሁ አንድ ቀን አልረገጥኳትም፣ ታናሽ ወንድሜ በ7 ዓመቱ ሄዶ መጣና ምን አየህ ስለው «ምንም፣ ዛፍ ነው» አለኝ። እንዲህ አናደደኝ! ሥርዓቱን እየተቃወምኩ አይደለም እንዳትሰድቡኝ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ እንጦስ የሴቶች ገዳም እንዳለ አውቃለሁ። የምለው ሌላ ነው። እኔ አሁን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የሥራ አስኪያጁ በር ገርበብ ብሎ እንኳ ከውጪ ቆሜ ነው የምጠብቀው፣ ወንድሜ ደሞ የማንንም ቢሮ ከፍቶ ነው የሚገባው። አንድ ቦታ አደግን ይባላል ለሰው ሲነገር።

ስለዚህ የካ አባዶ ለልጅሽ ምን ይወስድበታል ብለሽ ስታስቢ ለሴቷስ ምን ይጨምርላታል ብለሽም አስቢ። ሽምብጥ ብትቀር በ9 ዓመቷ ቦርሳዋን ወርውራ ትወጣለች? እውነቱን ተናገሪ። አንቺ ራስሽ ትወጪ ነበር?

—

ቀበሌ14፦

ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው 😅 ኪራዩን ግን አልነገርሽንም

—

ዐይን ዐይኑን፦

እትዬ እኔ የዐይን ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልዎ። ሲድኒና ሲንጋፖር የሚኖሩ ከ6 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው፣ ሁለቱም ዘራቸው ቻይና የሆኑ ልጆች ተለክተው ነበር። ሲንጋፖር ካሉት 29.1 በመቶው የሩቅ ማየት አቅቷቸዋል፣ ሲድኒ ካሉት 3.3 በመቶ ብቻ። የሲድኒዎቹ በሳምንት ወደ 14 ሰዓት ውጪ ይውላሉ፣ የሲንጋፖሮቹ 3 ሰዓት አካባቢ። ትልቁ ልዩነት እሱ ነበር፣ የቀን ብርሃን ነው የሚባለው። ማንበቡ ሳይሆን አለመውጣቱ ነው ዋናው ተጠርጣሪ፣ የሲድኒዎቹ እንዲያውም የበለጠ ያነቡ ነበር። አራተኛ ፎቅ ሲገቡ ልጆቹ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይውረዱ፣ ኮንክሪትም ቢሆን ፀሐይ ካለ ይበቃል። የእህትዎን ልጆችም ያስመርምሩልኝ።

—

የታንኳ ሠሪ ልጅ፦

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

እኛ ነገደ ወይጦ ነን። አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው፣ እኔም በ10 ዓመቴ ደንገል ማጨድ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ጠፍሮ ማሰር ችዬ ነበር። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ሌላ መሥራት አለ። ዋና ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፣ መራመድ ማን አስተማረህ እንደማለት ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ፣ ጀልባ መለየት ዓሣ መለየት፣ እኔ ነኝ ያ ልጅ።

«አንዷ ጎረቤት ታየዋለች» ያልሽው ግን እህቴ፣ እኔንም ያዩኝ ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል። የአንቺ ልጅ ሲባል የአባቱን ስም ይናገርና ጉንጩን ይሳማል። እኔ ስናገር ሰዎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ክፍል ውስጥ ምሳ ሰዓት ዕቃዬን ስከፍት ዴስኩ ባዶ ይሆናል። አያቶቻችሁ ጉማሬ ይበሉ ነበር ነው ምክንያቱ፣ እኔ ጉማሬ በልቼ አላውቅም፣ ከሩቅ እንኳ እፈራዋለሁ። ሥጋ ይዤ ቢሆን ሙስሊም ስለሆንን ነው ብዬ እተወዋለሁ፣ ሽሮ ነበር እኮ። የእናቴ ሽሮ። አስተማሪዎቹም ያያሉ፣ ምንም አይሉም።

በ15 ዓመቴ አቋርጬ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ኮንስትራክሽን። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ስድስት ሆነን አንድ ትሪ ፓስታ በእንጀራ ቀረበ፣ አንዱ «አንተ ልጅ ምን ትገተራለህ ብላ እንጂ» አለኝ። ማንም የማን ልጅ ነህ አላለኝም። ልጅሽን ያሳዘነው ደረጃ ላይ ሰላም የማይለው ሰው፣ ለኔ ያ ሰው ዕረፍት ነው። ማንም ሳያውቀኝ መንገድ ላይ መሄድ ደስ እንደሚል ያወቅኩት አዲስ አበባ ነው።

ጣናን እጠላለሁ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ከሁላችሁም በላይ ይናፍቀኛል፣ በሕልሜ የማየው እሱን ነው። እምቦጭ ከ2004 ወዲህ ዳሩን ሲወርረው አባቴ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚያለቅስ እኔ ነኝ የማውቀው። ጣና ዳር ማደግ እንዲህ ነው ብላችሁ ስትጽፉ ግን ሁሉም ሰው እንደዛ እንዳደገ አታስመስሉት።

—

የፖሊ ልጅ፦

ወንድማለም እኔ አንተ ካልከው በኋላ ስለ 31 በመቶ ማውራቴ አሳፈረኝ። እኔም ክፍላችን ውስጥ አንድ ነበር። ስሙን አሁን ስፈልገው አጣሁት።

—

የሽምብጧ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ማሰብ ስለነበረብኝ ነው።

ዘጌዬ ልክ ነሽ፣ አልወጣም ነበር። ወንድሜ ይወጣል እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ለሴቷ አስቤ እንደማላውቅ አንቺ ስትዪኝ ነው የገባኝ፣ እዚህ ብትቀር የኔኑ ልጅነት ነበር የምደግምላት፣ ያውም እንደ መልካም ነገር። ዋናም ማስተማር እፈልጋለሁ ሁለቱንም፣ ያልዋኘው ያልከው አንጀቴን በልቶታል፣ እኔም እኮ አልችልም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የታንኳ ሠሪ ልጅ፣ ላንተ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ትናንት ማታ ልጄን ራት ላይ «ምሳህን ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብዬ ጠየቅኩት። ስም ጠራልኝ፣ አምስት ስድስት ልጅ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሐይቁ ጠርዝ ካለው መንደር የሚመጣ አንድ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፣ በወላጆች ስብሰባ እናቱን አይቻታለሁ፣ ኋላ ብቻዋን ነበር የተቀመጠችው። እሱስ አልኩት። «እሱ ብቻውን ነው የሚበላው» አለኝ። ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ነው የነገረኝ፣ ቀናም አላለ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ። ለምን ስለው «እንዲሁ» አለ። እኔ አላስተማርኩትም፣ አባቱም አላስተማረውም፣ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ተወርቶ አያውቅም። ግን እኔም ያችን ሴትዮ ሄጄ አጠገቧ አልተቀመጥኩም።

ሰኞ ምሳውን ለሁለት ሰው ነው የምቋጥርለት፣ አብረህ ብላ እለዋለሁ፣ ይበላ አይበላ አላውቅም። የጾም እንዲሆን ሽሮ አደርገዋለሁ።

ሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ነው የምንሄደው፣ ተወስኗል። ቀበሌ14 ኪራዩ ከምታስበው በላይ ነው አትጠይቀኝ። ዐይን ዐይኑን የእህቴን ትልቁን ልጅ አስመርምረነዋል፣ መነጽር ታዞለታል፣ እግዜር ይስጥህ። እና የካ አባዶ አካባቢ ለሴት ልጅ ዋና የሚያስተምር፣ ቢቻል አሰልጣኟም ሴት የሆነች፣ የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ለ4 ዓመት ልጅና ለ36 ዓመት እናት።